አራት ከሦስት በፊት

ሰው ስለ ፊልም ሲከራከር ሰምቼ ዝም ማለት አይሆንልኝም። እንጀራዬም ይኸው ሆኗል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሬዲዮ ላይ ቁጭ ብዬ የአንድ የድሮ ዲሬክተር ፊልሞችን ከመጨረሻው እስከ አንደኛው በደረጃ አወጣለሁ፣ ከዚያ አድማጭ እየደወለ ልክ ልኬን ይነግረኛል። "አንቺ ልጅ፣ ለመሆኑ ፊልሙን ቁጭ ብለሽ አይተሽዋል?" ይላል አንዱ። "አምስተኛ? አምስተኛ ነው ያልሽው? ጉድ በል ጎንደር!" ትላለች ሌላዋ። እኔም ወገቤን ይዤ እመልሳለሁ። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ደውለው "ደረጃ ማውጣትን ማን አስተማረሽ?" ብለው ጠየቁኝ። "አባቴ፤ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ አል ኹበር ውስጥ" ስላቸው ሳቁ። ቀልድ መስሏቸው ነው። ቀልድ አይደለም፤ ይኸው ልንገራችሁ።

በፈረንጅ 2013 ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ደማም ከተማ፣ ጀለዊያ ሰፈር፣ አንድ አሮጌ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ነበረችን። መስኮቷ በፎይል ወረቀት ተሸፍኗል፣ ኤሲዋ ቀን ከሌት ታጓራለች፣ ውሃ የምታንጠባጥብበትን ባልዲ መድፋት የኔ ሥራ ነው። ሌላው ሥራዬ ዝም ማለት ነበር። በር ሲንኳኳ አይከፈትም፤ ካርቱን ሳይ ድምፁ ይጠፋል፤ ደረጃው ላይ የከባድ ጫማ ኮቴ ከተሰማ አልጋ ሥር ነው። ለምን ብዬ ስጠይቅ እናቴ "ሁሩብ አለብን" ትለኛለች። እኔ ሁሩብ በሽታ ይመስለኝ ነበር። አባቴ ከፈለኝ ካሳለው፣ እናቴ ውባየሁ ራሷን ካመማት፣ በቃ ሁሩቡ ተነሳባቸው እላለሁ።

ሁሩብ ማለት ካፊሉ፣ ዋስም አሠሪም የሆነው ሰው፣ "ሠራተኛዬ ጠፍቶብኛል" ብሎ ሲያመለክት የሚለጠፍ ስም መሆኑን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። እናቴና አባቴ ባልና ሚስት ሆነው ነው አንድ ቤት የተቀጠሩት፤ እሱ በሹፌርነት፣ እሷ በቤት ሠራተኝነት። እኔ እዚያው ተወለድኩ። አምስት ዓመት ሲሞላኝ ካፊሉ "ልጅቷ ሀገሯ ትግባ፣ እናንተ ሥራችሁን ሥሩ" አላቸው። በሳምንቱ ይዘውኝ ጠፉ። ይህን እስከ ሃያ ዓመቴ ድረስ ማንም አልነገረኝም። በእኔ ምክንያት ነበር አራት ዓመት ሙሉ የተደበቅነው፤ እኔ ደግሞ ባልዲ እየደፋሁ "እግዚአብሔር ይማራችሁ" እላቸዋለሁ።

በዚያ ዓመት መንግሥት ምሕረት አወጣ። ወረቀቱ የተበላሸበት ሁሉ ጥቅምት ሳያልቅ አዲስ ካፊል አግኝቶ ያስተካክል፣ ያላገኘ ግን ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛ፣ ተመትቶበት ወደ ሀገሩ ይመለስ ተባለ። ሕንፃችን በየሳምንቱ ሰው ይጎድለው ጀመር። አንድ ጎረቤት "ወረቀቴን አስረክቤ መጣሁ" ካለ በማግስቱ ክፍሉ ባዶ ነው፤ ይህችን በደንብ አጥንቻታለሁ። አባቴ የሳተላይት ዲሽ ሊጠግን በገባበት ቤት ሁሉ ካፊል ይለምናል። "ሁሩብ አለብህ?" ይሉታል። "አዎ" ሲል ሻዩን እንኳ ሳይጨርስ ይሸኙታል። አባቴ ወረቀት ካላገኘ እኔን ይዘው ከመመለስ በቀር አማራጭ አልነበረም። ደሴ ደግሞ የሚጠብቀን ቤት የለም፤ ሥራም የለም።

አንዲት ተስፋ የመጣችው በጋሽ አብዱሽኩር በኩል ነው። ጋሽ አብዱሽኩር የሐረር ሰው ናቸው፤ አርባ ዓመት አል ኹበር አል-ጀኑቢያ ውስጥ የመኪና ዕቃ ሲሸጡ የኖሩ፣ ሀገሬው የሚያከብራቸው። አንድ ቀን አባቴን ጠርተው "አንተ፣ ደሴ ሲኒማ ቤት ሠርቻለሁ ስትል አልሰማሁህም? አንድ ትልቅ ሰው የፊልም ማሽኑ ተበላሽቶበት እንቅልፍ አጥቷል" አሉት። አባቴ ፊቱ በራ። "የጥቅል ፊልም ማሽን? ሰባት ዓመት አብሬው ነው የኖርኩት እኮ!"

ያኔ ሳዑዲ ውስጥ የሕዝብ ሲኒማ ቤት የሚባል ነገር አልነበረም። ፊልም ያማረው ሰው ወይ ድልድዩን ተሻግሮ ባሕሬን ይሄዳል፣ ወይ እቤቱ ያያል። አል ዐዚዚያ፣ ባሕሩ አጠገብ የሚኖሩት ባባ ዓብዱልአዚዝ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው፤ የእንግዳ መቀበያ አዳራሻቸውን፣ መጅሊሳቸውን፣ ሲኒማ አድርገውታል። ጥቁር መጋረጃ፣ ግድግዳው ላይ ነጭ ሸራ፣ መደርደሪያው ሙሉ ክብ ክብ ቆርቆሮ፣ በየቆርቆሮው ውስጥ አንድ አንድ የፊልም ጥቅል። ዓርብ ዓርብ አራት ጓደኞቻቸው ይመጣሉ፤ ጋሽ አብዱሽኩር አንዱ ናቸው። የአንድ ዲሬክተር ሥራዎችን ለወራት ሲያዩ ይከርሙና አንድ ዓርብ ደረጃ ያወጣሉ።

አወጣጡ እንዲህ ነው። ለየፊልሙ አንድ አንድ የቡና ፊንጃል ይቀመጣል፤ ፊንጃሉ ሥር የፊልሙ ስም የተጻፈበት ወረቀት አለ። እያንዳንዱ አባል ተምር ይበላና ፍሬውን በእጁ ይይዛል። ተከራክረው ሲያበቁ የባሰ ነው በሚሉት ፊልም ፊንጃል ውስጥ ፍሬያቸውን ይጥላሉ። ፍሬ የበዛበት ፊንጃል ይነሳል፤ ያ ፊልም መጨረሻ ወጣ ማለት ነው። እንደገና ተምር፣ እንደገና ክርክር፣ አንድ ፊንጃል ብቻ እስኪቀር። ቆሞ ሳይከራከር ፍሬ የሚጥል የለም። እኔ ዛሬ ስቱዲዮ ውስጥ በኮምፒውተር የምሠራውን እነሱ በተምር ይሠሩት ነበር፤ የእነሱ ይበልጣል።

አባቴ ማሽኑን በሦስት ዓርብ አዳነው። ጋሽ አብዱሽኩር ስለ ወረቀታችን ባባን ጠየቁልን። ባባም "የደረጃው ቀን ካለፈ በኋላ መልሴን እነግራችኋለሁ" አሉ። ምሕረቱ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ገደማ ቀርቶታል። ይህን ሁሉ የነገረችኝ እናቴ ናት፤ ለኔ እንኳ ሳይሆን ፀጉሬን እየሠራች ለራሷ ነው የምታወራው።

የደረጃው ቀን ጠዋት እናቴ አባቴን በር ላይ ያዘችው።

"ሰማህ ከፈለኝ? ዛሬ ምላስህን እቤት ትተህልኝ ሂድ። ማሽንህን አንቀሳቅስ፣ ሲያዙህ 'ሃዲር' በል፣ በቃ።"

"ምን አልኩ?"

"ገና መች አልክና! አላውቅህም? እዚያ ሄደህ 'ይሄ ይሻላል ያ ይሻላል' ብትል በሰላም የምንገባ እንዳይመስልህ።"

እውነቷን ነው። አባቴ በፊልም ከመጡበት ወንድሙንም አያውቅም። አንድ ጊዜ ጎረቤታችን ኑርዲን አንድን ፊልም "ያው የህንድ ፊልም ነው" ስላለው ሁለት ወር አኩርፎታል።

ያን ቀን እናቴ ሳምቡሳ እንድትጠብስ ታዛ ስለነበር ሦስታችንም በጋሽ አብዱሽኩር መኪና ሄድን። ወጥ ቤቱን ከመጅሊሱ የሚለየው በር ገጣጥሞ አይዘጋም፤ እኔም ስንጥቋ ላይ ዓይኔን ለጠፍኩ። ክፍሉ ሄልና ቡና ይሸታል። ነጭ የለበሱ ሽማግሎች ፍራሽ ላይ ተደላድለዋል፤ መሐላቸው ሰባት ፊንጃል ተደርድሯል። አባቴ ከኋላ፣ ማሽኑ አጠገብ ቆሟል። ሸሚዙን እናቴ ተኩሳለታለች። ያን ቀን ደረጃ የሚወጣለት ሱሬን ባግቺ የሚባል የህንድ ዲሬክተር ነው፤ በዕድሜው ሰባት ፊልም ብቻ ሠርቶ የሞተ ሰው። እኔ ግን ይህን የት አውቄ! እኔ የመሰለኝ ሽማግሎቹ የተሰበሰቡት በእኛ ላይ ሊፈርዱ ነው። ፊንጃሎቹ የዕጣ ናቸው፤ አንዱ የኛ ነው። ፍሬ የበዛበት ይባረራል።

መጀመሪያ የተነሱት ዶክተር ኑህ ናቸው፤ ሱዳናዊ፣ ረጅም፣ ጥምጥማቸው ትልቅ፣ ድምፃቸው ከዚያ የባሰ። እጃቸውን አወናጨፉ፣ ወደ አንዱ ፊንጃል ጠቆሙ፣ "ይውጣ!" አሉ በዐረብኛ። ይህቺን ያህል የሰፈር ዐረብኛ አላጣም። አምስቱም ተራ በተራ እየተነሱ የተምር ፍሬያቸውን እዚያው ፊንጃል ውስጥ ጣሉ። ባባ ዓብዱልአዚዝ ፊንጃሉን ሊያነሱ እጃቸውን ሲዘረጉ ከኋላ አንድ ድምፅ "ላ!" አለ።

አባቴ ነው። እምቢ፣ አይሆንም አለ። ሁሉም ዞሩ። ከእናቴ እጅ ጭልፋው አምልጦ ዘይቱ ውስጥ ወደቀ። "ወይኔ ልጄን! ጨረሰን!" አለች በሹክሹክታ።

ቀጥሎ ያለውን ያኔ ግማሹን ነው የሰማሁት፤ ቀሪውን ዓመታት ቆይተው ጋሽ አብዱሽኩር አሟልተውልኛል። መጨረሻ እንዲወጣ የተፈረደበት ፊልም "የጀልባ ሰሪው ሚስት" ነበር። ጀልባ ሠሪው ለሥራ በመርከብ ይሄዳል፣ ማዕበል ይነሳል፣ መርከቡ ይጠፋል። ሦስተኛው ጥቅል ላይ ለሚስቱ ሞቷል የሚል መርዶ ይመጣላታል፤ ታለቅሳለች፣ ጀምሮት የሄደውን ጀልባ ለደላላ ትሸጣለች። አራተኛው ላይ ሰውዬው ሩቅ ባሕር ዳር ላይ በሕይወት አለ፤ ወደ ቤቱ ጉዞ ይጀምራል። አምስተኛው ላይ ይገናኛሉ። ዶክተር ኑህ "አርባ ደቂቃ ያስለቅሰንና ዱብ፣ ባልየው አለ! ይሄ ማታለል ነው፣ ሲኒማ አይደለም" ነበር ያሉት።

አባቴ በዚያች በተሰባበረች የሥራ ዐረብኛው፣ ሲያቅተውም በጋሽ አብዱሽኩር በኩል፣ "የትኛው ማታለል? ስታለቅስ እኮ እኛ ባሏ እየመጣ መሆኑን እናውቃለን!" አለ።

"ከየት እናውቃለን? ገና አልታየም።"

"ታይቷል እንጂ! መጀመሪያ እሱን እናየዋለን፤ መርዶው ከዚያ በኋላ ነው።"

"የለም ልጄ፣ መርዶው ይቀድማል።"

"አይቀድምም! ደሴ ላይ ስንት ጊዜ አሳይቼዋለሁ!"

ቆርቆሮዎቹ ወረዱ። ሦስት ቁጥር ላይ መርዶው፣ አራት ቁጥር ላይ ባልየው። አባቴ ሁለቱን ቆርቆሮ ይዞ ቆመ። ያን ጊዜ ነው የገባው። ደሴና ኮምቦልቻ በአንድ ፊልም ነበር የሚሠሩት። ደሴ ታይቶ ያለቀው ጥቅል በታክሲ ኮምቦልቻ ይወርዳል፣ የዚያኛው ይመጣል፣ ቆርቆሮው ይጋጫል፣ የተለጠፈበት ቁጥር ይላጣል፣ አንዱ ደርሶ እንደመሰለው መልሶ ይለጥፈዋል። ንግግሩ ሂንዲ ነው፤ የሚሰማው የለም። እናም ሁለት ከተማ ሙሉ ሕዝብ አራተኛውን ጥቅል ከሦስተኛው በፊት አይቶ፣ አልቅሶ፣ አጨብጭቦ ቤቱ ገብቷል። አባቴ ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ ያንን ፊልም በልቡ ይዞ ዞሯል።

ዶክተር ኑህ በሳቅ ፈረሱ። "ሁለት ከተማ! ሁለት ከተማ ሙሉ ተሳስቶ!" እያሉ ፍራሹን ይደበድባሉ። ሌሎቹም ሳቁ። እኔ በስንጥቋ የማየው ሰዎች አባቴ ላይ ሲስቁ ነው። ደሜ ፈላ። ገብቼ ጥምጥማቸውን ባወልቅ ደስ ባለኝ። እናቴ ግን በጆሮዬ ጎትታ ከበሩ አራቀችኝና የሳምቡሳ ሊጥ ፊት አስቀመጠችኝ።

ያመለጠችኝ ይህቺ ቅጽበት ናት፤ ዛሬም ታንገበግበኛለች። አባቴ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ አሉ። ከዚያ ቆርቆሮዎቹን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና "እንግዲያውስ የተሳሳተው ዲሬክተሩ ነው" አለ።

ጋሽ አብዱሽኩር መተርጎም ፈሩ። ባባ ዓብዱልአዚዝ "ምን አለ?" አሉ። "እ... ባግቺ ተሳስቷል ይላል።" ባባ ወደ አባቴ ዞሩ። "ሱሬን ባግቺ ተሳሳተ?" "አዎ ባባ። ልክ ላድርግልዎት?" አለ አባቴ። ባባ ራሳቸውን ነቀነቁና በእጃቸው ወደ ማሽኑ አመለከቱ። አባቴ አራተኛውን ጥቅል አስገባና መብራቱን አጠፋ።

እኔ ደግሞ ወጥ ቤት ተቀምጬ የምሰማውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ የማሽኑ ድምፅ ብቻ ነበር። ብዙ ቆይቶ አንድ ሰው አጉረመረመ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ድንገት የባባ ዓብዱልአዚዝ ድምፅ፣ ያ የተከበረ፣ ከሹክሹክታ የማያልፈው ድምፅ፣ "ላ! ላ! ላ!" ብሎ ጮኸ። ዶክተር ኑህ "ሐራም ዐለይክ! ሐራም ዐለይክ!" ብለው አገሱ፤ አንተ ነውረኛ፣ ግፍ ሠራህ ማለት ነው። አንድ ነገር ወለሉ ላይ ተሰበረ። አንዱ እየተንሰቀሰቀ ያለቅሳል። እናቴን ቀና ብዬ አየኋት፤ እጇ ሳምቡሳውን መጠቅለሉን አላቆመም። እኔ አባቴን እየደበደቡት መሰለኝ። ሁሉም የሚጮሁት በእሱ ላይ ነው፤ ነውረኛው እሱ ነው።

ከዚያ አዛን ተሰማ። ሽማግሎቹ አንድ በአንድ ወጡና ለውዱእ ወደ ቧንቧው ሄዱ፤ ዓይናቸው ቀልቷል፣ ከኛ ጋር የሚነጋገር የለም። ሰግደው ሲያበቁ መጅሊሱ ተመልሰው ብዙ ቆዩ፤ ከዚያ ባባ ዓብዱልአዚዝ ብቻቸውን ወደ ወጥ ቤቱ መጡ። በሩ ላይ ቆመው፣ እናቴን በቀጥታ ሳያዩ፣ "ኡም መቲ፣ ነገ ጠዋት ያላችሁን ወረቀት ሁሉ ይዛችሁ ኑ። ሦስታችሁም" አሉ፤ ኡም መቲ የመቲ እናት ማለት ነው፣ መቲ እኔ ነኝ። እናቴ በሻሿ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። እኔም የወረቀቷን ነገር አውቃታለሁ፤ ወረቀቱን ያስረከበ በማግስቱ የለም። አለቀልን አልኩ።

መኪና ውስጥ አባቴ ከፊት ተቀምጦ መንገዱን ያያል። አንዴ ብቻ ከት ብሎ ሳቀ፤ ብቻውን። ጭንቅላቱን ነካው ብዬ እኔም ማልቀስ ጀመርኩ። እናቴ አቀፈችኝ፤ እሷም ታለቅሳለች። ለካ ሁለታችን በሁለት የተለያየ ነገር ነው የምናለቅሰው።

በማግስቱ እነሱ ሳይነሱ ተነሳሁ። ማድረግ የሚገባኝን አደረግኩ። የቀለም እርሳሶቼን ለጎረቤታችን ለፈርዶሳ ልጅ፣ ለራህማ ሰጠሁ። የፕላስቲክ ድስቶቼን ለታች ቤት ልጆች አከፋፈልኩ። "ሀገራችን ልንገባ ነው፣ ደህና ሁኑ" እያልኩ ሁሉንም ሳምኩ። ልብሴን በፌስታል አስሬ በሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ትንሽ ቆይቶ ፈርዶሳ ራሷን ይዛ እየሮጠች መጣች።

"ውባየሁ! ያ አላህ፣ ውባየሁ! ልትሄዱ ነው አሉ!"

"የት ነው የምንሄደው?" አለች እናቴ፣ ማበጠሪያው ፀጉሯ ላይ እንደተሰካ።

"መቲ ናታ ያለችው! ልጆቹን ሁሉ ተሰናብታ፣ ዕቃዋን አከፋፍላ..."

እናቴ እኔን አየች፣ ፌስታሌን አየች፣ ከዚያ ሆዷን ይዛ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። "አንቺ ጉደኛ! ካፊል አግኝተን እኮ ነው! ባባ ዓብዱልአዚዝ በስማቸው ሊያዞሩን ነው!" አለችኝ። አባቴ ከአልጋው ላይ ሆኖ "የቀለም እርሳሱንም ሰጠሻቸው?" አለና እሱም ሳቁን ለቀቀው። እርሳሶቼን ሄጄ ብጠይቅ ራህማ "የሰጠ አይቀበልም" አለችኝ። እስከ ዛሬ አልመለሰችልኝም፤ ይህን ካነበበች ታፍር።

እውነቱን ጋሽ አብዱሽኩር የነገሩኝ እኔ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። ያን ዓርብ ጠዋት ባባ ዓብዱልአዚዝ ወስነው ነበር። መልሳቸው "አይሆንም" ነበር። ልጆቻቸው "ሁሩብ ያለበትን ሰው ስምህ ላይ አታዙር፣ ሙሽኪላ ታመጣብናለህ" ብለዋቸዋል፤ እሳቸውም ጋሽ አብዱሽኩርን ለብቻ ጠርተው "ማሽኑን ላዳነልኝ አመሰግነዋለሁ፣ ነገሩ ግን ከአቅሜ በላይ ነው" ብለዋቸው ነበር። ጋሽ አብዱሽኩር ለአባቴ ሳይነግሩት ነው ያመጡን፤ ተመልሰን ስንሄድ መኪና ውስጥ ሊያረዱን ነበር። እናቴ "ምላስህን እቤት ትተህ ሂድ" ስትለው በዝምታ የሚድን ነገር ቀድሞውኑ አልነበረም። ዝም ብሎ ቢሆን ኖሮ ጨርሶ አብቅቶልን ነበር።

የሆነው እንዲህ ነው፤ አራተኛው ጥቅል አልቆ ሦስተኛው ገባ። ባልየው በሕይወት መኖሩን፣ መንገድ መጀመሩን እያወቁ፣ ሚስቲቱ መርዶ ተቀብላ ጀልባውን ልትሸጥ ስትነሳ ሽማግሎቹ ሊቋቋሙት አልቻሉም። ባባ ከፍራሻቸው ተነስተው ሸራው ድረስ ሄደው "ላ! ላ! አትሽጪው፣ እየመጣ ነው!" ብለው ጮኹባት። "ሐራም ዐለይክ" የተባለው ጀልባውን የገዛው ደላላ ነው። የተሰበረው የዶክተር ኑህ የሻይ ብርጭቆ ነው፤ ያለቀሱትም እሳቸው ናቸው። ደሴም ኮምቦልቻም እንደዚሁ ይጮህ ነበር፤ አባቴ የሚያውቀው ፊልም ያ ነበር።

ከሶላት በኋላ ሰባቱ ፊንጃል እንደገና ተደረደሩ። ስድስት ዙር። ሁለተኛ "ሁለቱ ፋኖሶች" ወጣ፣ እኔ ብሆን ሦስተኛ ነበር የማደርገው፤ ለማንኛውም መጨረሻ ላይ ብቻውን የቀረው ፊንጃል "የጀልባ ሰሪው ሚስት" ሆነ። ባባ በመዝገባቸው ላይ "አንደኛ፤ በከፈለኝ ቅደም ተከተል" ብለው ጻፉ፣ ሁሉም ፈረሙበት። ዶክተር ኑህ አባቴን ከማሽኑ ኋላ ጎትተው አጠገባቸው አስቀመጡት፤ ተምር አጎረሱት። ባባም ጋሽ አብዱሽኩርን ዞር አድርገው "ይህንን ፊልም አሥራ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አንድም ቀን ከመቀመጫዬ አላስነሳኝም። ልጆቼ የፈለጉትን ይበሉ። ይህ ሰው የትም አይሄድም" አሉ።

ምሕረቱ ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ወጣ። አባቴ ሹፌር፣ እናቴ የቤት ሠራተኛ፣ እኔም ከእነሱ ጋር። ቢሮው ደማም ነበር፤ ጨርሰን ወደ አል ኹበር ስንመለስ አባቴ የባባን መኪና ይነዳል፣ ባባ አጠገቡ፣ እኔና እናቴ ከኋላ። አባቴ አዲሷን ካርድ ኪሱ ውስጥ አላስገባትም፤ መሪው ላይ በአውራ ጣቱ ይዟታል። መንገዱ መሐል ላይ ፖሊሶች ኬላ ዘርግተው መኪና እያስቆሙ ኢቃማ ይጠይቃሉ።

እናቴ ከልማድ ራሴን ወደ ጭኗ ደፋችኝ። ተራችን ደረሰ። ወጣቱ ፖሊስ ጎንበስ ብሎ ባባን አየ፣ ሰላምታ ሰጠና በእጁ "እለፉ" አለ። አባቴ ግን አላለፈም። እሱን ዛሬ ስልክ ላይ ብትጠይቁት "ፖሊሱ ነው ያስቆመኝ" ይላችኋል። ውሸት ነው። እኔ ቀና ብዬ ሁሉንም አይቻለሁ። መስኮቱን አወረደና ካርዷን ወደ ውጭ ዘረጋ።

"ኢቃማ" አለ።

"ማፊ ሙሽኪላ፣ ሂድ፣ ሂድ" አለው ፖሊሱ።

"ላ። ኢቃማ። እየው።"

ከኋላ ያሉት መኪኖች ጡሩምባቸውን ይነፋሉ። ፖሊሱ ግራ ገብቶት ባባን አያቸው። ባባ ዓብዱልአዚዝ የሳቃቸውን እንባ እየጠረጉ "ልጄ፣ ተቀበለውና አንብብለት። አራት ዓመት ጠያቂ ሲሸሽ ኖሮ ዛሬ እንኳ ጠያቂ ይጣ?" አሉት።

ፖሊሱ ካርዷን ተቀበለ። ወደ ፀሐይ አዙሮ ያዛት። ያልለመደውን ስም እየቆራረጠ፣ ጮክ አድርጎ፣ "ከ... ፈ... ለኝ፣ ይመር?" ብሎ አነበበ።

"አቤት!" አለ አባቴ፣ ከኋላችን የተሰለፉት መኪኖች ሁሉ እስኪሰሙት።